ጤዛ የሚፈታው

ተልባው አልታጨደም፤ ከነሥሩ ተነቅሎ
መስኩ ላይ ተኝቷል፣ ረድፍ በረድፍ ውሎ፣
ከኮርትሬይክ ወጣ ብሎ፣ ከባቡሩ ሐዲድ ማዶ፣
የነሐሴ ሌሊት ጤዛ በላዩ ወርዶ።
"ላየ" ነው የወንዙ ስም፤ ላየው ግን አይታይም፣
ጉም ተከናንቦ ያልፋል፣ ድምፁም አይሰማም።

እኛ ተልባን የምናውቀው በፍሬው ነው፤
የሚታመሰው፣ የሚወቀጠው፣
ቢንጫጫ ቢንጫጫ አንድ ሙቀጫ የሚበቃው።
እዚህ ፍሬው ትርፍ ነው፤
ሰው የሚጓጓው ለልጡ ነው።

ጎደሊፍ ስለ ፍሬው ጠይቃኝ አታውቅም፤
ሰባ አንድ ዓመቷ ነው፣ ቦቲዋን አታወልቅም።
ጎንበስ ብላ አንድ አገዳ ታነሣለች፣
ጆሮዋ ሥር አስጠግታ ትሰብራለች፣
"ገና" ትላለች።
ከዚያ በቀር ጠዋት ጠዋት ቃል የላትም።

እኔ ቱቦ ይዣለሁ፣ በረዶ የሞላ ሣጥን፣
ከቤተ ሙከራ የመጣሁ፣ የማይታየውን ልመዝን።

አገዳው ውስጥ ልጥ አለ፣ ከልጡ ሥር እንጨት፤
መካከላቸው ፔክቲን፣ ሴልን ከሴል የያዘበት።
ያን ሙጫ ጥፍር ቢፍቀው አይለቅም፤
በመዶሻ ቢመቱት ክሩ ይደቃል እንጂ እሱ አይደቅም።

ሌሊት ነው የሚመጣው፣ ነፋስ ያዘለው ጥቁር ብናኝ፤
ጤዛውን ጠጥቶ ያብጣል፣
ከሸረሪት ድር የቀጠነ ክር ይሰድዳል፣
በቅርፊቱ ስንጥቅ፣ ቅጠል በረገፈበት ጠባሳ ይገባል።

አፍ የለውም። ጥርስ የለውም። ሆድም የለው።
ከውጭ ነው የሚያኝከው።
ምራቁን አስቀድሞ ይልካል፤ በምራቁ ውስጥ ኢንዛይም አለ፣
አንድ መዝጊያ ብቻ የሚያውቅ ቁልፍ፣
የፔክቲኑን ሰንሰለት ቀለበት በቀለበት የሚያላቅቅ።
ግድግዳው ስኳር ይሆናል፤
ስኳሩን ሻጋታው ይጠጣል።
ምንም አልሰበረም፣
"ክፈቱ" እንኳ አላለም።
ክሩ ግን ይቀራል፣ ረጅሙ ሴሉሎስ፣
በፍታ የሚሆነው፣ የሙሽራ አንሶላ፣ የሙት ልብስ።

ነገር ግን ይኸው እንግዳ ሌላም ምራቅ አለው፤
የቀረበለትን ሲጨርስ ሰፌዱን የሚበላ ነው።
ፔክቲኑ ሲያልቅ ወደ ክሩ ይዞራል።
በበፍታና በአመድ መካከል
ሁለት ቀን ነው ያለው፤
አንዳንዴ አንድ ዝናብ ነው።

"አምና" አለች ጎደሊፍ፣ ረድፉን በእግሯ እየገለበጠች፣
"አምና ሜዳርድ ታመመ።" ጥቂት ዝም አለች።
"አሥራ ሦስት ሌሊት ሆስፒታል ነበርሁ፣ ወንበር ላይ።
ይዘንብ ነበር። ስመለስ
አንድ እቅፍ አነሣሁ፤ ዱቄት ሆኖ እጄ ላይ ፈሰሰ።"
ስለ ሜዳርድ አልጨመረችም፤
ስለ ተልባው ነበር የነገረችኝ።

ሐሙስ ቁጥሬን አየሁ፤ ገና ዝቅ ያለ ነው።
"ሦስት ቀን ይቆይ" አልኋት፣ ሠንጠረዤን ዘርግቼ።
አገዳ ሰበረች። አሸተተች።
ምዕራቡን ሽቅብ ተመለከተች።
"ዛሬ" አለች።

ማሽኑ እስከ ማታ ጠቀለለ፣ ክብ ክብ አድርጎ፣
አቧራው ከመንገዱ መብራት በላይ እንደ ጉም አርጎ።
አርብ ለቅዳሜ አጥቢያ ዘነበ።
እሑድም ዘነበ።

ቁጥሬ አልዋሸም፤ ለሐሙስ እውነት ነበር።
ደመናን የሚለካ ቱቦ ግን አልያዝሁም ነበር።

በጥቅምት ተመለስሁ። ከቦዩ ዳር
ማሽኑ የዘለለው አንድ ክንድ ረድፍ ነበር፤
ግራጫ፣ እንደ ድመት ጠጉር የለሰለሰ።
በሁለት እጄ ሳብሁት። ድምፅ እንኳ አላሰማም፤
ቀስ ብሎ ተለያየ፣
እንደ ረጠበ እንጀራ።
ወደ ሣጥኔ ልጨምረው ስል
ጎደሊፍ ከኋላዬ መጣች፦
"ተዪው፣ እሱ የነሱ ድርሻ ነው።"

ከዚያ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ "አገርሽ" አለችኝ፣
"ፍሬውን ምን ታደርጉታላችሁ?"
"እናምሰዋለን" አልኋት፣ "ሲታመስ ይንጫጫል።"
ከኮቷ ኪስ አንድ የደረቀ የተልባ ራስ አወጣች፣
ጆሮዋ ሥር አስጠግታ
ነቀነቀችው።